ድልድዩ ወዴት ያሻግራል?

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ «ግንቡን እናፍርስ፣ ድልድዩን እንገንባ» ብለው ወደ አሜሪካ የተጓዙበት ሰሞን። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የውጭ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?» አለኝ። እስረኛው ሲፈታ፣ ስደተኛው ሲመለስ እያየሁ ሆዴ ባብቶ ነበርና፣ «ሰው ወደ አገሩ በሚገባበት ሰዓት አንተ ወዴት ትወጣለህ?» አልኩት። ቀረ።

በቀደም ሊሰናበተኝ መጣ። ዛሬ የሁለት ልጆች አባትና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣውም። እኔን የባሰኝ ይኸው ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ዘይቤውን እስከ መጨረሻው ተከተሉት» እል ነበር። ያንን መፈክር ግን ራሴው ግማሹን ብቻ አነበብኩት። ድልድይ እኮ በሁለቱም በኩል ነው የሚያሻግረው! መስከረም 2011 የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ሲከፈት የሆነውን አስታውሱ። ሰላም ወረደ በተባለ ማግስት በሺህ የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ወደኛ ተሻገሩ። በሩ ተከፈተ እንጂ ማብቂያ የሌለው ብሔራዊ አገልግሎት አልቀረማ!

ለውጥ ሰውን አያስቀርም ማለቴ አይደለም። ያስቀራል፤ ግን በብድር ነው። ተስፋ ብድር ነው፤ መክፈያው ቀን ይደርሳል። የኛ ተስፋ ሳይከፈል በ2013 ጦርነት መጣ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ለኢኮኖሚው መድኃኒት ነው ተባለ። ይሁን። በደመወዝ ለሚያድር መምህር ግን «ላም አለኝ በሰማይ» ሆነበት።

ታዲያ «አገሩን ጥሎ ሄደ» እያልን የምንተች ሰዎች ቆም ብንል ምናለ? ከአገር የመውጣት መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ተጽፏል። የመቅረት አቅም ግን በአንቀጽ አይሰጥም። ሰው የሚቀረው ለውጥ መምጣቱን ስለሰማ አይደለም፤ የከርሞውን ኑሮ ዛሬ ማቀድ ሲችል ነው። እኔ ለዚያ ልጅ የሰጠሁት የራሴን ደስታ እንጂ ምክር አልነበረም።

መጻሕፍቱን በካርቶን አድርጎ እኔ ዘንድ አስቀመጠ። «ስመለስ እወስዳቸዋለሁ ጋሼ» አለኝ። በዚህኛው ጊዜ ምክር አልሰጠሁትም። መረቅሁትና በር ድረስ ሸኘሁት።