ከመገናኛ እስከ አያት ስላሉት ትንንሽ የባቡር ጣቢያዎች

የባቡር ጣቢያ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ብዙ ዘመን የሚታየው አንድ ሕንፃ ነበር። በ1922 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው ይህ ሕንፃ በፈረንሳይኛ መጠሪያው ሰፈሩን ሁሉ ለገሃር አሰኝቶታል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ደግሞ 39 ጣቢያዎች ሲኖሩት፣ ስማቸውን ከየሰፈሩ ተበድረዋል። በዚህ አናዝንም፤ የከተማ ዳር ጣቢያ አዳራሽ ይኑረው የሚል የለም። እኛ የምንጠይቀው፣ ተሳፋሪው ባቡሩ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ታስቦለታል ወይ ብለን ነው።

የምሥራቁ መስመር ከመገናኛ አልፎ ወደ አያት ሲዘልቅ በአብዛኛው የሚጓዘው በአውራ ጎዳናው መካከል ነው። የዚህ ውሳኔ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ብዙ ቤት ሳይፈርስ ሐዲድ ተዘርግቷል። ጉዳቱ ግን በጣቢያው ላይ ወደቀ። ግራና ቀኙ መኪና በሚፈስበት ደሴት ላይ የቆመ ጣቢያ ስፋቱ የሚወሰነው በተሳፋሪው ብዛት ሳይሆን መንገዱ በተረፈለት ልክ ነው። ስለዚህ መድረኩ ጠበበ፤ መቀመጫው አነሰ፤ ቲኬት መሸጫውም ከመድረኩ ተነጥሎ በአንዲት ኪዮስክ ውስጥ ገባ። ጣራው ከላይ የሚወርደውን ቢመክትም፣ የሐምሌ ዝናብ ከጎንም እንደሚመጣ የሚያውቅ አይመስልም።

ባቡሩን ራሱን ግን ማመስገን ይገባናል። ወለሉ በአብዛኛው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፣ ለመግባት ደረጃ መውጣት አያስፈልግም። ነቀፋችን የሚበረታውም እዚህ ላይ ነው። መሐንዲሶቹ በመድረኩና በባቡሩ መካከል ያለችውን ስንዝር በጥንቃቄ ለክተው፣ ከእግረኛው መንገድ እስከ መድረኩ ያለውን ጎዳና ለተሳፋሪው ጉልበትና ለሾፌሩ ርኅራኄ ትተውታል። ወር በገባ በ12 ቀን በቅዱስ ሚካኤል ጣቢያ ቆሞ የተመለከተ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ነጠላ የተከናነቡ አሮጊቶች ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው፣ መኪና የሚያቆምላቸው ጎረምሳ እስኪገኝ በመንገዱ ዳር ይቆማሉ፤ ባቡሩ ግን ፊት ለፊታቸው ደርሶ ይሄዳል።

ከእኛው መካከል አንዳንዱ፣ ባቡር ቶሎ ቶሎ ከመጣ መጠበቂያ ምን ያደርጋል ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ በወረቀት ላይ መልካም ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ ባቡሮች የሚበዙት በመለዋወጫ እጦት ቆመው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ባቡር ባነሰ ቁጥር የጣቢያው ሥራ ይበዛል። ለአምስት ደቂቃ የታሰበ መድረክ የግማሽ ሰዓት ሰልፍ ተሸከም ሲባል፣ ነፍሰ ጡሯም ሽማግሌውም ቆመው ይቀራሉ።

እንደሚመስለን መጠበቂያው ከደሴቱ ወጥቶ በእግረኛው መንገድ ዳር፣ ከኪዮስኩ አጠገብ ሊሠራ ይገባል። ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ ነፋስና ዝናብ የሚጋርድ ግድግዳ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የባቡሩን መድረሻ ሰዓት የሚያሳይ ሰሌዳ ቢኖሩት ይበቃዋል። መድረኩ ለመሳፈሪያ ብቻ ይቅር። ሆኖም መሻገሪያው በቀይ መብራት ካልተጠበቀ ያቀረብነው አሳብ ራሱ ጉዳት ያመጣል፤ ባቡሩን ከማዶ ያየ ተሳፋሪ ለመድረስ ሲል በመኪና መካከል መሮጡ አይቀርምና። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ መብራቱ ከወንበሩ ይቅደም።