ሜዳ የሌለው ባለ ሜዳ፤ ስለ ሰበታ ከተማ ቡድን የውድድር መክፈቻና ስለ ደጋፊው የቀረበ ሒስ

በአማርኛችን በገዛ ከተማው የሚጫወተውን የእግር ኳስ ቡድን «ባለ ሜዳ»፣ ከሌላ ሥፍራ የመጣውን ደግሞ «እንግዳ» እንለዋለን። ባለ ሜዳ እንደ ባለቤት ነው። እንግዳውን በደጁ ይቀበላል፤ ሲያሸንፍ ደስታው በሰፈሩ ይሰማል፤ ሲሸነፍም ነቀፌታውን የሚሰማው ከሚያውቁት ሰዎች አፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተውን የሰበታ ከተማን ቡድን ምሳሌ አድርጎ፣ ይህ ቃል ትርጕሙን እንዴት እንዳጣ ለማሳየትና፣ ይልቁንም የውድድር ዘመን መክፈቻ ከደጋፊው ዓይን መራቁ ያስከተለውን ጕዳት ለመመርመር ነው።

የኳስ ጨዋታ ነገር ለጥናት መጽሔት ይበቃልን የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ አጭር ነው። የከተማን ሕይወት የሚያጠና ሰው ሕዝቡ ማንም ሳያስገድደው በአንድነት የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች ሊዘል አይችልም። እነርሱም የአምልኮ ሥፍራ፣ ገበያና ኳስ ሜዳ ናቸው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉ ከተሞች ደግሞ ነዋሪው ከየአቅጣጫው ለሥራ የመጣ ስለ ሆነ፣ «እኛ» የሚያሰኝ ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል።

የመክፈቻ ጨዋታ ምንነት

በአገራችን የክለብ እግር ኳስ ከመጀመሪያው ጀምሮ የአንድ ማኅበረ ሰብ ፊት ሆኖ የቆመ ነገር ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ከአራዳ ልጆች መካከል ወጣ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ ከተሰለፉት አምስት ቡድኖች ከቅዱስ ጊዮርጊስ በቀር ፎርቲቱዶ የጣልያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛውም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። እያንዳንዱ ቡድን ከኋላው የቆመ የታወቀ ሕዝብ ነበረው ማለት ነው። «ቲፎዞ» የሚለውን ቃል ከጣልያንኛ ወስደን የራሳችን ያደረግነውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የአዲስ አበባ ስታዲየም ተመልካችም ለየመቀመጫው ስም አውጥቷል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ ይባላሉ። የኮንጎ ክፍለ ሀገር የነበረችው የካታንጋ ስም ወደ ስታዲየሙ ጥግ መምጣቱ፣ ተመልካቹ የዓለምን ወሬ ሳይቀር በራሱ ወንበር እየተረጐመ ይኖር እንደ ነበር ያስረዳል። ቦታን በስም የሚጠራ ሰው ቦታው የእኔ ነው የሚል ሰው ነው።

ከጨዋታዎች ሁሉ የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ የተለየ ጠባይ አለው። ነጥቡ ከሌላው ጨዋታ ነጥብ አይበልጥም፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ደጋፊው የሚመጣው ነጥብ ሊቈጥር ብቻ አይደለም። አዲስ የገባውን ተጫዋች በዓይኑ ሊመዝን፣ የወጣው ለምን እንደ ወጣ ከጎረቤቱ ሊጠይቅ፣ ባለፈው ዓመት አጠገቡ ይቀመጥ የነበረው ሰው በሕይወት መኖሩን ሊያይ ይመጣል። ስለዚህ የሜዳው ፍርድ በመጀመሪያው ቀን ለስለስ ያለ ነው። «ገና አልተዋሐዱም» የሚለው ንግግር ከዚያ ይወለዳል። ይህ ንግግር ተራ ማጽናኛ ቢመስልም፣ ለአሠልጣኙና ለወጣት ተጫዋቾች ጥቂት ሳምንታት ጊዜ የሚሰጥ ውል ነው።

የሰበታ ጉዳይ

ሰበታ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ቡድንዋ በ2011 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ከወልቂጤ ከተማና ከሀዲያ ሆሳዕና ጋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። የቡድኑ አሠልጣኞች ማን እንደ ነበሩ ማስታወስ ይበቃል። በ2012 ቡድኑን ያሠለጠኑት አቶ ውበቱ አባተ ከዚያ ወደ ብሔራዊ ቡድን ሄደው ኢትዮጵያን ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ አበቁ፤ በሰበታ ቦታቸውን የተኩት ደግሞ ከብሔራዊ ቡድኑ የወጡት አቶ አብርሃም መብራቱ ነበሩ። አንዲት ትንሽ የፋብሪካ ከተማ በተከታታይ ሁለት የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኞች ነበሩዋት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የሰበታ ሰው እነዚህን ሰዎች በከተማው ሜዳ ዳር ቆመው አላያቸውም። በ2012 ዓ.ም. ቡድኑ «የሜዳው» የተባሉትን ጨዋታዎች ያደርግ የነበረው አዲስ አበባ ነው። በዚያም የጊዮርጊስ ወይም የቡና ቡድን እንግዳ ተብሎ ሲመጣ ወንበሩን የሚሞላው የእንግዳው ደጋፊ ነው፤ ባለ ሜዳው በራሱ ቀን እንግዳ ሆኖ ይጫወታል። ሆኖም በዚያ ዓመት ከዓለም ገና ወይም ከሰበታ ተነሥቶ በአየር ጤና በኩል ስታዲየም መድረስ ይቻል ነበር። የውድድሩ ዘመን በወረርሽኙ ምክንያት ሳይፈጸም ተሰረዘ።

በ2013 ዓ.ም. ግን ነገሩ ፈጽሞ ተለወጠ። ሊጉ ቡድኖቹን ሁሉ በአንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት ጀመረ። ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመልካች ሳይገባ ተከፈተ፤ ከዚያም ወደ ጅማ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐዋሳ ተዘዋወረ። በ2014 መክፈቻው ሐዋሳ ሆነ። የሰበታ ደጋፊ የቡድኑን የመጀመሪያ ጨዋታ ለማየት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ነበረበት። በፕሮግራሙ ላይ ግን በተራው «ባለ ሜዳ» መባሉ አልቀረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሰበታ ከአዲስ አበባ ከተማና ከጅማ አባ ጅፋር ጋር ከሊጉ ወረደ። እንዲህ ሆኖ ሦስት የመክፈቻ ጨዋታዎች አለፉ፤ አንዱም በሰበታ አልተደረገም።

ቡድኑ የወረደው ደጋፊ ስላጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ሌሎቹም በዚያው ሥርዓት ተጫውተው ሰንብተዋል። ማለት የሚቻለው ይህ ነው፤ ወደ ሊጉ ሲወጣ ያልታየ ቡድን ሲወርድም የሚያለቅስለት ሰው ጥቂት ነው።

የደጋፊው ፍርድ

እዚህ ላይ ደጋፊውንም ሳንነቅፍ ማለፍ አይገባም። ጨዋታው ወደ ቴሌቪዥን ከተዛወረ ወዲህ የመክፈቻው ቀን ፍርድ ጠባዩን ለውጧል። ሰውዬው በዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ተቀምጦ ከሰዓት በፊት የእንግሊዝን ቡድን አይቶ ወዲያው የሰበታን ሲያይ፣ የሚያነጻጽረው ከአምናው ሰበታ ጋር ሳይሆን ከማንቸስተር ጋር ነው። ጎል ሲገባበትም «ገና አልተዋሐዱም» አይልም፤ «አሠልጣኙ ይነሣ» ይላል። በስታዲየም አጠገቡ የሚቀመጠው ሽማግሌ የተጫዋቹን አባት ያውቃልና ቃሉን ይቈጥባል። በዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ግን የሚያፍርለት ሰው የለም፤ ተጫዋቹም ስድቡን አይሰማም። ነቀፌታው የሚያርም መሆኑ ቀርቶ መዝናኛ ይሆናል።

በራዲዮ ዘመን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ደምሴ ዳምጤን ያዳመጠ ሰው ሜዳውን ባያይም ከድምፁ በስተ ኋላ የሕዝቡን ጩኸት ይሰማ ነበር፤ ስለዚህ ብቻውን አይፈርድም። ባዶ ወንበር ግን ለሚያዳምጠውም ለሚመለከተውም የሚነግረው ነገር የለም።

ጋዜጠኞቻችንም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደሉም። ከመክፈቻው ማግስት «የደጋፊው አስተያየት» ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ታላላቅ የአዲስ አበባ ቡድኖች ደጋፊዎች የተሰበሰበ ነው። የቡራዩ ወይም የሰበታ ሰው ስለ ከተማው ቡድን ምን እንዳለ ፈልጎ የሚጠይቅ የለም። የመዲናዋ ወሬ የአገር ወሬ ሆኖ ይቀርባል።

ስለ አዲሱ ሥርዓት የሚቀርቡት ምክንያቶች

የሊጉ መሪዎች የሚያቀርቡዋቸው ምክንያቶች ቀላል አይደሉምና በትክክል ሊመዘኑ ይገባል።

አንደኛው ሰላም ነው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በደጋፊዎች መካከል ጠብ ተነሥቶ ጨዋታዎች ተላልፈዋል፤ የትግራይና የአማራ ክልል ቡድኖችም እርስ በርሳቸው በገለልተኛ ሜዳ እስከ መጫወት ተደርሷል። የሰው ሕይወት ከኳስ ይበልጣልና ይህን ማንም አይንቅም። ነገር ግን ተመልካችን ማራቅ ጠብን ያዘገያል እንጂ እንግዳ የመቀበልን ልማድ አያስተምርም። ልማዱ የሚለመደው እንግዳ ሲመጣ ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር በ2013 ዓ.ም. ለአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ሥርጭት 68 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚያወጣ ውል ከውጭ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ከዚህ በፊት ከበጀት ድጎማ በቀር ገቢ ለማያውቁ ክለቦች ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ካሜራዎቹም በአንድ ቦታ ሲቆሙ ወጪው ይቀንሳል። ሆኖም በአምስቱ የውድድር ዘመናት የተገኘውን ውጤት ማየት ይጠቅማል። 2013ን ፋሲል ከነማ፣ 2014ንና 2015ን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ 2016ን ንግድ ባንክ፣ 2017ን መድን አሸነፉ። የኋለኞቹ ሁለቱ የመሥሪያ ቤት ቡድኖች ናቸው፤ ያሸነፉትም በጨዋታ ነውና ክብራቸው አይቀነስም። ነገር ግን የከተማ ሕዝብ ከኋላው የቆመለት ቡድንና በመሥሪያ ቤት በጀት የሚተዳደር ቡድን እኩል ባዶ በሆነ ሜዳ ሲገናኙ፣ የመጀመሪያው ሊያገኘው የሚችለው አንዱ ትልቅ ብልጫ ተነሥቶበታል።

ሦስተኛው የሜዳ ጕድለት ነው፤ ይህም ከሁሉ እውነተኛው ነው። አገሪቱ ራስዋ በ2014 ዓ.ም. ሜዳ አጥታ እንደ ሰበታ ሆና ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን ሁለት ጊዜ ዋንጫውን የወሰደውን የግብፅን ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው አዲስ አበባ ላይ በገዛ ሕዝቡ ፊት ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ያንኑ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ግን ጨዋታው «በሜዳው» የተባለው በማላዊ በሊሎንግዌ ነበር። ሁለቱም ድል ናቸው። የመጀመሪያውን ያዩት ለልጅ ልጆቻቸው ተርከውታል፤ ሁለተኛውን በስታዲየም ተቀምጦ አየሁ የሚል ስንት ኢትዮጵያዊ ይገኛል?

የሜዳ ጕድለት ግን ሜዳ ለመሥራት ምክንያት ይሆናል እንጂ ሜዳን ለመርሳት ምክንያት አይሆንም።

ከተሞቹና መዲናዋ

ነገሩ ከኳስ አልፎ የሚሄድ ነው። ገፈርሳ የተከማቸው ውሃ ከቡራዩ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ የሰበታ ፋብሪካዎች ምርት በመዲናዋ ገበያ ይሸጣል፤ ሠራተኛውም ጧት ሄዶ ማታ ይመለሳል። ሱሉልታ ብቻዋን ከዚህ ልማድ ወጣ ትላለች። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳዋ ላይ ለመሮጥ የአገራችን ታላላቅ ሯጮች ብቻ ሳይሆኑ የውጭ አገር ሰዎችም ይመጡባታል። ሩጫ አጥርም ወንበርም ስለማይፈልግ ሱሉልታ እንግዳ ተቀባይ ለመሆን በቃች። ኳስ ግን ይፈልጋል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ በዚህ ስም የሚጠራ የእግር ኳስ ቡድንም ተቋቁሟል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ የጥቂት ከተሞች አቅም በአንድነት መዋሉ መልካም ነው። አደጋው ግን በመዲናዋ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተዘረጋ ከተማ መካከል የሌለው መሆኑ ነው። የቡራዩና የሰበታ ሰው የሚገናኘው ብዙ ጊዜ በአዲስ አበባ አቋርጦ ነው። ቡድኑ የሁሉም ነው ተብሎ የማንም እንዳይሆን ያሠጋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተለው አሳብ ይወጣል። ሊጉ ሙሉውን ዓመት በየከተማው ይዙር ብሎ መጠየቅ ዛሬ አይቻል ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቡድን የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ በገዛ ከተማው እንዲያደርግ ሊወሰን ይችላል። ሜዳው ለካሜራ የማይበቃ ከሆነ፣ ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት የወዳጅነት ጨዋታ አድርጎ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ለሕዝቡ ያስተዋውቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው የተስተካከለ መስክ፣ የቆመ አጥርና ጥላ ያለው አንድ ተራ ወንበር ነው። የሸገርም ቡድን ይህን ቀን አንድ ዓመት በሰበታ፣ አንድ ዓመት በቡራዩ፣ አንድ ዓመት በሱሉልታ እያፈራረቀ ቢያደርገው ከስሙ በቀር ሌላ የሚያገናኝ ነገር ለከተሞቹ ይሰጣቸዋል።

ከእነዚህ ከተሞች ወደ ኮሌጅ የምንመላለስ ተማሪዎችም አንድ ሥራ አለብን። በሚመጣው የውድድር መክፈቻ ቀን ማን የት ሆኖ እንደ ተመለከተ፣ ምን ያህል እንደ ከፈለ፣ የከተማውን ቡድን ስንት ተጫዋች በስም እንደሚያውቅ በየሰፈራችን ጠይቀን መመዝገብ እንችላለን። እንዲህ ያለ መዝገብ ከተገኘ፣ የሊጉ መሪዎች የሥርጭቱን ገንዘብ በሚቈጥሩበት ጠረጴዛ ላይ ሜዳ አጥቶ የቀረውም ሰው አብሮ ሊቈጠር ይችላል።