ጥለቱን ስናደንቅ ፈትሉን እንዳንረሳ

ስለ አገራችን ሸማ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸውን የሚያሳርፉት በጥለቱ ላይ ነው። የቀለሙን ኅብር ያደንቃሉ፤ ሸማኔውንም ያመሰግናሉ። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ፍርዱ ጐደሎ ሆኖ አግኝተነዋል። በወልድያ፥ በመርሳና በሀብሩ የሚለበሰውን ጋቢ ምሳሌ አድርገን ምክንያታችንን እናቀርባለን።

ጋቢ ብዙውን ጊዜ ጥለት የለውም፤ ቢኖረውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሸማን በጥለቱ ብቻ የሚመዝን ሐያሲ ስለ ጋቢ የሚናገረው አያገኝም። ጋቢን ጋቢ የሚያሰኘው አራት ድርብ መሆኑና የፈትሉ ልስላሴ ነው።

ፈትል ደግሞ የሴቶች ሙያ ነው፤ ቀድሞ እመቤቶችም ሳይቀሩ ይፈትሉ ነበር። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ይባዘታል፤ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። ክሩ አንድ ጊዜ ወፍሮ አንድ ጊዜ ከቀጠነ፥ ሸማኔው የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ሸማው አያምርም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካም የጋናው ኬንቴ በጠባብ በጠባቡ ተሸምኖ ጐን ለጐን እየተሰፋ ዓለም ሲያደንቀው፥ በዚያ አካባቢ በብዙ ስፍራ ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩት ሴቶች ግን እምብዛም አይነሡም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያዎችን መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ሸማኔው ሲሰደብ የኖረ ሰው ነውና አዋጁ አስፈልጎታል። ፈታይዋ አልተሰደበችም፤ ነገር ግን ስሟን የሚጠራ የለም።

ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ የእጅ ፈትል የቀረው በማጉ ላይ ነው። ይህን አንነቅፍም፤ ጠንካራ ድር የሸማኔውን ድካም ያቃልላልና። ማጉም በፋብሪካ ክር ሲተካ ግን ጋቢው ልስላሴውን ያጣል። ገዢው ጥለት ብቻ የሚያይ ከሆነ ልዩነቱን አይጠይቅም፤ ካልጠየቀም ዋጋዋ አስቀድሞ የሚቀረው የፈታይዋ ነው። ጥለትን ብቻ የሚያወድስ ጽሑፍ ገዢውን ይህንኑ ያስተምረዋል።

ስለዚህ ሸማን የሚተች ሰው ጥለቱን ከማየቱ በፊት መሐሉን በጣቱ ይዳስስ፤ ድሩ ከየት፥ ማጉ ከማን እጅ እንደ መጣ ይጠይቅ እንላለን። የጥናት ጓደኞቻችንም የሸማኔውን ስም በመዘገቡበት ገጽ የፈታይዋን ስም አብረው ቢጽፉ መልካም ነው።