«ይምረጡ፣ ያስቀምጡ፣ ይጠብቁ»

መቼም ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አመሉ አይለቀውም። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀት እንኳ ሲያነብ «ተራኪው ማነው? የሚናገረውስ ለማን ነው?» ይላል። ሰሞኑን የያዝኩት ንባብ ደግሞ በስልክ ሩሌት እንዴት እንደሚጫወቱና እንደሚወራረዱ የሚያስተምሩ መመሪያዎችን ነው። ሳቁ እንጂ! እኔ ግን ሰባት ስምንቱን ከዳር እስከ ዳር አንብቤያለሁ። እንደ ማንኛውም ድርሰት ሂስ ይገባቸዋል ባይ ነኝ።

አጀማመራቸው ጨዋ ነው፤ ሁሉም አንባቢን አንቱ ይላሉ። ቁጥርዎን ይምረጡ፣ ገንዘብዎን ያስቀምጡ፣ ኳሷ እስክታርፍ ይጠብቁ። ሕጉንም ቢሆን አይዋሹም። መንኮራኩሩ ላይ ከ1 እስከ 36 ቁጥር አለ፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር። በተጨማሪ አንዲት አረንጓዴ ዜሮ አለች፤ በአሜሪካኖቹ መንኮራኩር ላይ ሁለት ይሆናሉ። በቀይ ወይም በጥቁር ያስያዘ ሰው ከቀናው ያስያዘውን ያህል ይጨመርለታል፤ በአንድ ቁጥር ላይ ያስያዘ ደግሞ 35 እጥፍ።

አሁን ያችን ዜሮ ልብ በሉልኝ። በ37ቱም ላይ አንድ አንድ ብር ብታስይዙ 37 ብር አወጣችሁ ማለት ነው። የትኛውም ቢወጣ የምትቀበሉት 35 ብርና ያችኑ ያስያዛችኋትን 1 ብር፣ በድምሩ 36 ነው። አንዷ ብር እዚያው ቀረች። በቀይም አስይዙ በጥቁር፣ ሂሳቡ በአማካይ ያው ነው፤ ከ37 ብር አንዱ፣ ማለትም 2.7 በመቶው፣ የቤቱ ነው። ዜሮዎቹ ሁለት ሲሆኑ 5.26 በመቶ ይደርሳል። መመሪያዎቹ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቅሱትና ወደ «ስልት» ይሮጣሉ። የድርሰቱን ዋና ገጸ ባሕርይ በአንድ መስመር ጠቅሶ ላለፈ ተማሪ ስንት እሰጠው እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

ግሣቸውንም እዩልኝ። ማሸነፍ ሲመጣ ባለቤቱ አንባቢው ነው፤ «ያሸንፋሉ»፣ «ያተርፋሉ»። መሸነፍ ሲመጣ ግን «ኪሳራ ሊያጋጥም ይችላል» ይሆናል፤ እንደ ዝናብ፣ እንደ በረዶ። የእኛ ሰፈር ቁማርተኛ በቋንቋ ይበልጣቸዋል። ካርታ ላይ አምሽቶ ኪሱን አራግፎ የወጣ ሰው «ኪሳራ አጋጠመኝ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ተበላሁ» ነው የሚለው። ተበላ ከተባለ ደግሞ የበላ አለ።

ከስልቶቹ ሁሉ የሚወደሰው ማርቲንጌል የሚሉት ነው። በቀይ ላይ 10 ብር ታስይዛላችሁ፤ ከተበላችሁ 20፣ ቀጥሎ 40፣ ቀጥሎ 80። ቀይ የወጣ ጊዜ የተበላችሁት ሁሉ ይመለስና 10 ብር አትርፋችሁ ትነሳላችሁ። ሲያነቡት ያማልላል። ስምንት ጊዜ ተከታትላችሁ ከተበላችሁ ግን 2,550 ብር ሄዷል፤ በዘጠነኛው 2,560 ብር አስይዛችሁ የምትጠብቁት ትርፍ ያችኑ 10 ብር! ስምንት ጊዜ ተከታትሎ መበላት በግምት ከ207 ሙከራ አንዴ ይደርሳል። በ206ቱ አሥር አሥር ብር ብትለቅሙ 2,060 ብር ነው፤ በአንዷ 2,550 ይወሰዳል። በዚያ ላይ ቤቱ ለሚያዘው ገንዘብ ጣሪያ አለው። «ስምንት ጊዜማ የት ይደርሳል» ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1913 በሞንቴ ካርሎ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ እንደወጣ ይነገራል። ሰዉ «አሁንስ የቀይ ተራ ነው» እያለ ገንዘቡን ሲያፈስ አመሸ።

እኔን ከሁሉ ያናደደኝ ግን የመጨረሻው ምክር ነው፤ ስሜትዎን ይቆጣጠሩ የሚለው። የአባት ምክር ይመስላል አይደል? ሥራው ግን ሌላ ነው። ሂሳብ የነበረውን ነገር የጠባይ ፈተና ያደርገዋል። ከተበላህ ስልቱ ምንም አልበደለም፤ የቸኮልከው አንተ፣ የተናደድከው አንተ። ስለዚህ ነገ ረጋ ብለህ ተመለስ!

ዶስቶየቭስኪን የሚያክል ሰውም በዚህች ምክር ተይዟል። እ.ኤ.አ. በ1863 በቪስባደን ሩሌት ቀንቶት ለሚስቱ እህት በጻፈው ደብዳቤ፣ የማሸነፊያው ምስጢር ራስን መግዛት እንደሆነ አስረዳ። ብዙም ሳይቆይ ባደን ባደን ላይ ተበላ። በ1866 ከአሳታሚው ስቴሎቭስኪ ጋር የገባው ክፉ ውል አስጨንቆት «ቁማርተኛው» የተባለውን ልቦለዱን አና ስኒትኪና ለተባለች የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ እየነገረ በ26 ቀን አስጻፈ። እዚያ ውስጥ አሮጊቷ ባለጸጋ መመሪያዎቹ በሚዘሏት በዜሮ ላይ አስይዛ ትበላለች፤ ብዙም ሳትቆይ ይዛ የመጣችውን ገንዘብ ሁሉ ታስረክባለች። ወጣቱ ተራኪ ደግሞ ሁሉንም ለነገ ሲቀጥር ይቀራል። ከሰባት ስምንቱ መመሪያ ሁሉ የተሻለ የሩሌት ትምህርት ነው። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ደራሲው በ1867 ያችኑ አናን አግብቶ ባደን ባደን ተመለሰና ጉትቻዋን ሳይቀር ወለድ አገድ አገባ። የተወው በ1871 ነው። ልቦለድ ቁማርተኛ ያድናል ብዬ የማልመጻደቀው ለዚህ ነው።

ያኔ እንኳ ባቡር ተሳፍሮ መሄድ ነበረበት፤ አዳራሹም ይዘጋል። ስልክ አይዘጋም። በሰዓት 60 ጊዜ አሥር አሥር ብር የሚያስይዝ ሰው በአማካይ 16 ብር ይገብራል። በማሽን የሚዞረው መንኮራኩር በሰዓት 300 ጊዜ ሲዞርለት ግብሩ 81 ብር ይሆናል።

የጎረቤቴ ልጅ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የስድስት ወር ጨዋታውን በደብተር መዝግቦ ይዞልኝ መጣ። 5,400 ብር ተበልቷል። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ስናደድ እጄን አላቅም» አለኝ። ያስያዘውን ሁሉ እንዲደምር ለመንኩት። 186,000 ብር ሆነ። «ኧረ እኔ ይህን ያህል ብር በእጄ ይዤ አላውቅም!» ብሎ ደነገጠ። እውነቱን ነው፤ ያችው ብር ናት ስትመላለስ የከረመችው። ለ37 አካፍለው አልኩት። 5,027 ብር ወጣ።

ዝም ብሎ ቁጥሩን ሲያይ ቆየና፣ «ታዲያ ንዴቴስ ጋሼ?» አለኝ።

«ቀንሰው እስቲ።»

«373 ብር።»