የሃይማኖት ጋብቻ በሕግ መጽሐፍና በወርቃ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሕግ ሊቃውንት ምስጋናም ነቀፋም አግኝቷል። የሕዝብን ልማድ ለሚያጠና ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ስለ ጋብቻ የሚናገረው ክፍል ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ በብዙ ስፍራ የውጭ አገርን ሕግ አርአያ ቢያደርጉም፣ በዚህ ክፍል ሕጉ አገሩን መስሎ ይታያል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸሙትን ሦስት ጋብቻዎች በእኩል ዐይን ተቀብሏልና። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ አጽንቷል።

የዚህ አቀባበል ጥልቀት ግን ሊመዘን ይገባዋል። ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጹ ስለ መተጫጨትና ስለ ጋብቻ ሲደነግግ ሥርዓቱንና ደንቡን አልለያየም፤ ተክሊል የሚደፋው እጅና ማን ማንን ሊያገባ እንደሚችል የሚወስነው ሥልጣን አንድ ነበር። የ1952ቱ ሕግ ሁለቱን ለያየ። ካህኑ ተክሊል ይደፋል፣ ቃዲው ኒካሕ ያስራል፣ ፓስተሩ ቃል ኪዳን ያስገባል፤ ዕድሜውን፣ ዝምድናውን፣ ሀብቱንና ፍቺውን ግን መንግሥት ይወስናል። ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ያጸናችውን ጋብቻ ሕጉ እንደ ማናቸውም ጋብቻ ያፈርሰዋል። ሥርዓቱ ቆየ፤ ደንቡ ተወሰደ። አዲሱ ሕግ ደግሞ መተጫጨትን ከነጭራሹ ትቶታል፤ በአገሩ ልማድ ግን የጋብቻ መጀመሪያው እርሱ ነው።

የዚህ መለያየት ውጤት ከመጽሐፉ ይልቅ በገጠር ይታያል። ቡና አብቃይ በሆነው የጌዴኦ አገር፣ በወርቃ፣ አንድ ሠርግ ሦስት ዳኞች አሉት። ጌዴኦ ሰባት ጎሳዎች ያሉት ሕዝብ ሲሆን ከራስ ጎሳ ማግባት ነውር ነው፤ ይህን የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ናቸው። ማኅበረ ምእመናኑ የተጋቢዎቹን እምነትና ጠባይ ይመለከታል። መንግሥት ደግሞ ፈቃዳቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ሌላ ትዳር የሌላቸው መሆኑን ይጠይቃል። የ1992ቱ ሕግ በጎን ዝምድና የከለከለው ወንድምና እኅትን፣ አጎትና አክስትን ብቻ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎች የሚከለክሉትን ጋብቻ ሕጉ ይፈቅዳል። በዕድሜ በኩል ነገሩ ይገለበጣል፤ የ1952ቱ ሕግ ለሴት 15 ዓመት ለወንድ 18 ዓመት ሲወስን፣ አዲሱ ለሁለቱም 18 አድርጓል። ስለዚህ ሽማግሌ የመረቃት የ16 ዓመት ልጅ በሕግ ፊት ሙሽራ አይደለችም። ሕጉ ከልማዱ በአንዱ በኩል ይላላል፣ በሌላው ይጠብቃል፤ ሕጉን የሚያብራሩ ጽሑፎች ግን ይህን ልዩነት አልፈውት ይሄዳሉ።

ከሁሉ የከበደው ጉድለት ማስረጃን ይመለከታል። የ1952ቱ ሕግ ጋብቻ በምስክር ወረቀት እንዲረጋገጥ አዘዘ፤ ነገር ግን በመሸጋገሪያ ድንጋጌው የክብር መዝገቡን ክፍል ሥራ ላይ መዋል ለሌላ ትእዛዝ አቆየው። ምዝገባን የሚያቋቁመው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በመላ አገሪቱ ምዝገባ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በነዚህ ከ50 በሚበልጡ ዓመታት የትዳር መዝገብ የነበረው የጎረቤት ዐይንና የማኅበረ ምእመናን ትውስታ ነው። ሕጉም ይህን አውቆ፣ ወረቀት ለሌለው ሰው በትዳር ሁኔታ መኖሩን እንዲያስረዳ በር ከፍቷል። በሩ ግን ለሁሉ እኩል አይሰፋም። ባሏ የሞተባት ሴት የቡናውን ማሳ ድርሻ ስትጠይቅ፣ ስለ ትዳሯ እንዲመሰክሩ የምትጠራቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሟች ዘመዶች ናቸው፤ እነርሱም በማሳው ላይ ባላጋራዎቿ ሊሆኑ ይችላሉ። በቤተ ጸሎት በዝማሬ የተጋባች ሴት ያን ቀን አንድ ወረቀት ባለመያዟ መብቷ በባላጋራዎቿ አንደበት ላይ ይንጠለጠላል።

ሕጉ ሦስቱን ሥርዓቶች ማክበሩ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ሥርዓትን ማክበር ሥርዓቱን የሚፈጽመውን ሰው ከመዝገቡ ጋር ካላገናኘ ግማሽ ሥራ ነው። በወርቃም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ የሚያጋባው አገልጋይ ከምርቃቱ በፊት የሁለቱን ፈቃድ፣ ዕድሜና ነጻነት ቢያረጋግጥ፣ ከምርቃቱም በኋላ ተጋቢዎቹን ወደ ቀበሌው መዝገብ ቢመራ፣ የሃይማኖቱ ሥርዓት አንዳች አይጎድልበትም። ለጥናቱ ሰዎች የቀረው ሥራ ደግሞ የጎሳን ክልከላና የሽማግሌን ድርሻ በየአገሩ መዝግቦ ለሕግ አውጪው ማቅረብ ነው። የ1952ቱ ሕግ አርቃቂ በእጁ ያልነበረው፣ የ1992ቱም በበቂ ያልጠየቀው ይህን ዕውቀት ነው።