መልሱን ማን ሰማ?

ከማሠለጥናቸው አዲስ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አንዱ ሰሞኑን የንዶላውን ነገር አንስቶ ሞገተኝ። መጋቢት 26 ቀን 2013 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት ቦይንግ 737 ዛምቢያ፣ ንዶላ ውስጥ በስህተት ነባሩን ማረፊያ ትቶ ግንባታው ባላለቀው የኮፐርቤልት አውሮፕላን ማረፊያ አረፈ። «ሪድባክ ይህን መቼ ያስጥላል? ሁሉንም በዳታሊንክ ብንጽፈው አይሻልም?» አለኝ። ሪድባክ አብራሪው የሰማውን ትእዛዝ መልሶ ማሰማቱ ነው።

ዳታሊንክ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ እሰየው ነው። ለማረፍ ለሚያቆለቁል አብራሪ ግን ጽሑፍ የሚያነብበት ፋታ የለም። ደግሞም ድምፅን በሞገዱ ላይ ያለ ሁሉ ይሰማዋል፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው አብራሪ ጣልቃ ገብቶ ያስጥላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሰልጣኞች ሪድባክን የአብራሪው ግዴታ ብቻ ያደርጉታል፤ መልሱን አድምጦ ማረም ግን የተቆጣጣሪው ነው። የካቲት 12 ቀን 1981 የፍላይንግ ታይገር 747 ማሌዥያ ሱባንግ ሊያርፍ ሲቃረብ ወደ 2,400 ጫማ እንዲወርድ ተነገረው። ተቆጣጣሪው «ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» አለ። አብራሪው የመጀመሪያዋን «ቱ» ከቁጥር አልቆጠራትም፤ «ኦኬ፣ ፎር ዜሮ ዜሮ» ብሎ መለሰ። 400 ጫማ መሆኑ ነው! ስህተቱ በገሃድ ተነግሮ ያረመው ጠፋ። አውሮፕላኑ ከኮረብታ ተላትሞ የነበሩበት 4ቱም ሰዎች ሞቱ።

ትእዛዝ የሰጠ ሰው ሲመለስለት የሚሰማው የጠበቀውን ነው። በዚያ ላይ እጁ የቀጣዩን በረራ ወረቀት፣ ስትሪፑን፣ ይዟል። አጠገቤ የተቀመጠ ሰልጣኝ መልሱ ሳያልቅ ወደ ሌላው ሲዞር የምቆጣው ለዚህ ነው። እልከኛ ይሉኛል፤ ይበሉ።

ወደ ንዶላ ስመለስ፣ አየር መንገዱ ስለ አዲሱ ማረፊያ ኖታም (ለአብራሪዎች የሚተላለፍ ማሳሰቢያ) አልወጣም ብሏል፤ እውነትም ሁለቱ ማረፊያዎች ተቀራራቢና አቅጣጫቸው ተመሳሳይ ነው። የዛምቢያ ባለሥልጣን እንደተናገሩት ግን ተቆጣጣሪዎቹ አብራሪውን «አናይህም» ብለውት ነበር፤ እሱም በዓይኑ አይቶ አረፈ። ከ«አናይህም» በኋላ ከአብራሪውና ከተቆጣጣሪው አንዱ «ቆይ፣ የትኛው ማኮብኮቢያ ነው?» ማለት ነበረበት። ለሰልጣኙ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ያመነኝ አይመስለኝም።

እኔ የገሱባ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ታላቅ ሲናገር «እሺ» ይባላል፤ ደግሞ መጠየቅ ንቀት ይመስላል። እንግሊዝኛ ከወላይትኛና ከአማርኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋዬ ነው፤ ግን ከሱ የበለጠ የከበደኝ አባቴ ለሚሆን ካፒቴን «ኔጋቲቭ»፣ «አይደለም»፣ ማለት ነበር። ለስድብ የቀረበ ነገር ከአፌ የወጣ ይመስለኝና ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ዛሬ እሱን የማለት ድፍረት ከሙያው ያገኘሁት ትልቁ ነገር ነው።

ሪድባኩ ቤት ድረስም ተከትሎኛል። እናቴ ደውላ «ለጊፋታ ቅዳሜ ሶዶ ድረስ ና፣ ከዚያ ወንድምህ ይቀበልሃል» ስትለኝ፣ «ቅዳሜ፣ ሶዶ፣ ወንድሜ» እላለሁ።

«አልሰማኸኝም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ እማዬ።»

«እና እሺ በላ!» ብላ ትዘጋዋለች።