ሰበብ እና ምክንያት

የውድድር ፈረስ በተሸነፈ ማግስት ሰበብ አይጠፋም። ጋላቢው መንገድ ተዘጋብኝ ይላል፤ አሠልጣኙ ጭቃውን ያነሳል፤ ባለቤቱ ዕጣውን ይረግማል። የፈረስ ሩጫ ማየት የሚያውቅ ሰው ግን ሰበብን ከምክንያት ይለያል። ምክንያት ልክ አለው፤ ፈረሱ ከተቀደመበት ርቀት ጋር መመጣጠን አለበት።

እኔ አብልጬ የማምነው የመታጠፊያውን ሒሳብ ነው። መሙ ግማሽ ክብ ሠርቶ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከውስጠኛው አጥር 1 ሜትር ወጣ ብሎ የሮጠ ፈረስ 3.14 ሜትር ያህል ትርፍ ይሮጣል፤ መታጠፊያው ሰፋም ጠበበም ያው ነው። 3 ሜትር ወጥቶ ሁለት መታጠፊያ የዞረ ፈረስ ወደ 19 ሜትር ጨምሯል። አንድ የፈረስ ርዝመት 2.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ወደ 8 ርዝመት ይጠጋል። እንዲህ ሮጦ በ4 ርዝመት የተቀደመውን ፈረስ ሳልፈራ ከአሸናፊው እኩል አስቀምጠዋለሁ። በ20 ከተቀደመ ግን ወደ ውጭ መውጣቱ እውነት ቢሆንም ሽንፈቱን አያስረዳም።

ዘግይቶ መነሣትስ? አንድ ጊዜ ከሆነ አደጋ ነው። በአምስት ውድድር አራቴ ከታየ ጠባዩ ነውና ከችሎታው ላይ ይቀነስ።

ለዚህ ሁሉ ጥሩ መማሪያ የሚሆነው ታላቁ ፈረስ ሴክሬታሪያት እ.ኤ.አ. በ1973 የተሸነፈባቸው ውድድሮች ናቸው። ሚያዝያ ላይ በኒው ዮርኩ ዉድ ሜሞሪያል ሦስተኛ ወጣ። ብዙዎች ርቀቱ ከበደው አሉ። ነገር ግን በላይኛው ከንፈሩ ውስጥ እባጭ ነበረበት፤ ልጓም ለሚጎርስ አፍ ይህ ቀላል ሕመም አይደለም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከዚያ በሚረዝመው የኬንታኪ ደርቢ በ1 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ገባ፤ የቤልሞንትን ውድድር ደግሞ በ31 ርዝመት አሸነፈ። ምክንያቱ ሲወገድ ፈረሱ ተመለሰ።

ነሐሴ ላይ በሳራቶጋ ኦኒየን የተባለ ፈረስ ቀደመው። ቫይረስና ትኩሳት እንደነበረበት ተነገረ። ይህን የምቀበለው ስለተነገረ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ወር ከነበረው ትልቁ የትራቨርስ ውድድር ስላስቀሩት ነው። ባለቤቶቹን ዋጋ ያስከፈለ ምክንያት ክብደት አለው። መስከረም ላይ አገግሞ ማርልቦሮ ካፕን በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ።

የሚከብደው ቀጣዩ ነው። ማርልቦሮን ባሸነፈ በሁለት ሳምንቱ፣ በዝናብ በራሰ መም በተካሄደው የዉድዋርድ ውድድር፣ ፕሩቭ አውት የተባለ ፈረስ በ4 ርዝመት ተኩል ጥሎት ገባ። ጭቃውን አልቀበልም፤ በቀደመው ዓመት የሎረልን ውድድር በረጠበ መም በ8 ርዝመት አሸንፏልና። የዝግጅት ማነስ ግን ሚዛን ይደፋል፤ ለዚያ ቀን የታሰበው የጋጣ ጓደኛው ሪቫ ሪጅ ነበር፤ ዝናቡ ሲመጣ ነው ሴክሬታሪያት የተተካው። ይህ ከልዩነቱ ጥቂቱን ያስረዳል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ፕሩቭ አውት በጥቅምት ወር ራሱን ሪቫ ሪጅን በጆኪ ክለብ ጎልድ ካፕ አሸነፈው። ስለዚህ የዉድዋርዱን ሽንፈት ሽንፈት ብዬ እጽፈዋለሁ።